እኔ ያጠፋሁት ሸበካ

ላፕቶፑን ለሦስተኛ ጊዜ አጥፍቼ አበራለሁ። ኮከብ ከጠረጴዛዬ ወዲያ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እጄን እጄን ታያለች። ስክሪኑ ሲበራ የልጇ የባንታምላክ ፎቶ ጥርሱን ፈልቅቆ ብቅ ይላል። ጥግ ላይ ያለችው የዋይፋይ ምልክት ግን ያው ቀይ ኤክሷን እንደያዘች ናት።

«ሸበካ የለም ይላል» እላለሁ፤ እዚህ ሱዳን ኔትወርክን የምንጠራው እንዲያ ነው።

«ካርድ ሻጩን ሁዜይፋን ጠይቄው መጣሁ። ሸበካው ታማም ነው፣ ደህና ነው፣ የሰው ሁሉ ስልክ ይሠራል አለኝ።»

«እንግዲያ ከውስጥ ነዋ።»

ከውስጥ አይደለም። ሐሙስ ዕለት ያጠፋሁት እኔው ነኝ። ምግብ በምትሸጥበት ራኩባ፣ በሣር ዳሷ ሥር ለሰሊጥ አጫጆች ወጥ ስታወጣ ጠብቄ፣ «እስቲ ቫይረስ እንዳይኖረው ልይልሽ» ብዬ፣ ጠርዙ ላይ ያለችውን ጥፍር የምታህል የዋይፋይ ማብሪያ ወደ ግራ ገፋኋት። መረቀችኝ። ሥጋ ጨምራ አበላችኝ፤ እኔም በላሁ።

ባንታምላክ የተሳፈረበት መኪና ረቡዕ ከጎንደር ወጣ ብሎ ተገለበጠ። ሐሙስ ጠዋት ቀበሩት። ለእናት በስልክ አይነገርምና ዘመዶቿ የደወሉት ለእኔ ነው። እኔ ደግሞ ሮጬ ለዕድራችን ዳኛ ለጋሽ ዳምጤ ነገርኳቸው። «መርዶ ሜዳ ላይ አይነገርም» አሉኝ። «እህቷ ማስተዋል ከመተማ ትምጣ። እሁድ ጎህ ሲቀድ ሰብሰብ ብለን ቤቷ እንገባለን። እስከዚያ ያንን ነገር ዝጋልኝ።» ጓደኞቹ ፎቶውን ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጥፈውታል። ኮከብ ማንበብ አትችልም፤ ያንን ካየች ግን አስረጂ አያሻትም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። እናትና ልጅ በዚህ ላፕቶፕ የሚተያዩት ሁልጊዜ እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ ነው። ክረምት ላይ መጥቶ የተወላትም ለዚሁ ነበር።

«ባለፈው እሁድ ከስቶብኝ ነበር» ትላለች። «ፈተና ነው እማ፣ ሲያልፍ እወፍራለሁ አለኝ። ነገ ሳላየው እንዳልቀር፣ አንዳርጌ።»

አንዱን መስኮት እከፍታለሁ፣ ሌላውን እዘጋለሁ። ዶካ ገበያ ውስጥ «መሃንዲሱ» ይሉኛል፤ ውሃ የገባው ስልክ፣ መኪና የረገጠው ስልክ አስነስቻለሁ። ደህናውን ዕቃ ብልሹ ማስመሰል እንዲህ ላብ በላብ የሚያደርግ ሥራ መሆኑን ግን ማንም አልነገረኝም።

«እታለም፣ ይሄ መለዋወጫ ይፈልጋል። ከገዳሪፍ ላስመጣልሽና ሰኞ ነይ።»

«ሰኞ?» ትንሽ ታስባለች። «ባንቴ ሲሄድ የነገረኝ ነበር እኮ። እማ፣ እምቢ ካለሽ ጠርዙ ላይ ያለችውን ትንሿን ነገር ወደ ቀኝ ግፊያት ብሎኛል። ዓይኔ አልለይ ብሎኝ ነው እንጂ።»

በርጩማውን ስባ ትጠጋለች። ሽንኩርት ያሻከረው አውራ ጣቷ የላፕቶፑን ጠርዝ እየዳበሰ ይሄዳል። ያልፋታል፣ ይመለሳል፣ ያገኛታል።

እጄን እጇ ላይ እጥላለሁ። አስቤ አልነበረም። በኃይል ነው የያዝኳት።

ቀና ብላ ታየኛለች። ውጭ የአውቶቡስ ረዳት «ገዳሪፍ! ገዳሪፍ!» እያለ ይጮኻል።

«አንዳርጌ፣ ለምን ያዝከኝ?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እጄን ከእጇ ላይ አላነሳም።

«ከሐሙስ ወዲህ ሰው ፊቴን አያይም» ትላለች ቀስ ብላ። «ጋሽ ዳምጤ ትናንት ምሳ በልተው ሳይመርቁኝ ወጡ። እኔ ሞኟ ወጡ ጨው በዝቶበት ይሆን ብዬ...»

አትጨርሰውም። እንድትጮህ እጠብቃለሁ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን እጇን ከእጄ ሥር አውጥታ ጉልበቷ ላይ ታስቀምጠዋለች። ማን እንደሆነ አትጠይቀኝም።

«መቼ ነው የሚመጡ?»

«ነገ... ጎህ ሲቀድ። ማስተዋልም ትመጣለች።»

«ማስተዋል? በዚያ በታመመ እግሯ?» ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ትነክሰዋለች፤ ልቅሶው እስኪያልፍላት ድረስ እንደዚያው ትቆያለች። እኔ ነኝ ማልቀስ የጀመርኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ ያልተበላሸ ነገር አበላሽቼ አላውቅም ነበር።

ነጠላዋን ከአፏ ስታወጣ ጣቷ እንደገና ወደ ማብሪያዋ ይሄዳል። አሁን አልከለክላትም። ይነካታል፤ አይገፋትም።

«እንዳታበራት» ትለኛለች። «ለጋሽ ዳምጤም አልተሠራም በላቸው፤ ውሸትም አይዶለም። እስኪነግሩኝ ድረስ ልጄ አለ።»

«እሺ፣ እታለም።»

«ባትሪው እስከ ንጋት ያደርሰኛል?»

አያደርስም። ያረጀ ነው፣ ሦስት ሰዓት ቢቆይ ነው።

«ከሞላ ያደርስሻል» እላለሁ። ይሄኛው ውሸት አላስቸገረኝም።

ገመዱን ከሶላሩ ጋር አገናኝቼላት የሱቄን በር ገርበብ አደርገዋለሁ። ኮከብ ከበርጩማዋ አትነሳም። ስክሪኑ ትንሽ ቆይቶ ይደበዝዛል። ሊጠፋ ሲል በአንድ ጣቷ ቁልፍ ነካ ታደርጋለች፤ ባንታምላክ ተመልሶ ይስቃል። እንደገና ይደበዝዛል። እንደገና ትነካዋለች።