የተንጋደደችው ሰባት

የቀለም ፋብሪካው ለናሙና የላከው የአየር ማጉያ በሥራ ብዛት አርጅቶ፣ ሥሩ በደረቀ የቀለም ዱቄት ተለብጦ ነበር። ከኮምፕረሰር የሚመጣውን ትንሽ አየር ተቀብሎ የክፍሉን አየር አብሮ እየጎተተ በብዛት የሚያወጣ ቀለበት ነው። አብሮት የመጣው ወረቀት፣ "ልክ እንደዚህ ጉሮሮውን አስፍታችሁ ሥሩልን፤ ሌላው በዱቄታችን ይታፈናል" ይላል።

የወርክሾፑ ባለቤት የሆነው የቶርኖ ባለሙያ አየር የሚያልፍበትን ጉሮሮ ለካና ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። "የሠራው ሰው እጁ ይባረክ" አላት አብራው የምትሠራውን ልጁን።

ለምሳ ሰዓት አዲሱን አደረሰ። እንደ ወርክሾፑ ደንብ የራሱን ምልክት መትቶበት ተራ ቁጥሩን 317 ጽፎ ሊጨርስ ሲል ልጁ፣ "አባዬ፣ ምሳው ቀዘቀዘ እኮ!" ብላ ጮኸችበት። ሰባቷ ተንጋደደች።

"ይኸው፣ ሰባቴን አሰከርሽብኝ" ብሎ ሳቀ።

ወርክሾፑ ሌላም ደንብ ነበረው። ሠሪው ከሞተ በኋላ ዕቃው ለጥገና ሲመጣ ምልክቱ ላይ ሰረዝ ይጫርበታል፤ ሟች ስለ ብልሽት አይወቀስም በሚል። የአያቷን ምልክት የሰረዘችው እሷ ናት፤ ግራኝ ስለሆነች ሰረዟ ሁልጊዜ ወደ ግራ ይዘማል።

ከምሳ በኋላ ልጁ አሮጌውን ለፋብሪካው ለመመለስ በናፍጣ ማጠብ ጀመረች። ዱቄቱ ሲለቅ እጇ ቆመ። አባቷ ከትከሻዋ በላይ አሻግሮ ተመለከተ።

የሱ ምልክት፣ 317፣ ሰባቷ የተንጋደደች። በምልክቱ ላይ ወደ ግራ የዘመመ ሰረዝ።

"አባዬ" አለች፣ ሳይጠይቃት፣ "እኔ እኮ አልጫርኩትም።"