ሦስት ጠርሙስ ጎርፍ

ዝናብ በጣለ ቁጥር የመንገዱ ጎርፍ ተጣርቶ ወደ ቧንቧችን ይለቀቃል። ይለቀቅ አይለቀቅ የሚለውን የሚወስነው ኮምፒዩተር ነው፤ ውሃው ንጹሕ ነው ብሎ ሲገምት ቧንቧው ላይ ያለችው መብራት አረንጓዴ ትሆናለች። ስለ ሰፈራችን ጎርፍ የሚያውቀው ግን ከሦስት ጠርሙስ ናሙና ብቻ ነው። ሦስቱንም አምና ክረምት የቀዳሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ ዝናቡ እንደጀመረ መብራቷ አረንጓዴ ሆነች። ጎረቤቴ እትዬ ዝማም የልጅ ልጃቸውን አዝለው፣ ባዶ ጡጦ ይዘው ገቡ።

«ውድነሽ፣ የእኔ ቧንቧ ተበላሽቷል። እስቲ ለዚች ልቅዳላት።»

እጃቸው ቧንቧው ላይ ሳይደርስ ያዝኳቸው። «ከጀሪካኑ ይቅዱ፤ የፈላ ነው።»

«አረንጓዴ በርቶ? ምን ሆነሻል?»

ወደ ውጭ ተመለከትኩ። በመስኮቱ ቦዩ ይታያል፤ የሰፈሩ ሰው እንደ ልማዱ የሰነበተ ቆሻሻውን ጎርፉ ይውሰደው ብሎ እየደፋ ነው።

«ለናሙናው የመጀመሪያውን ጎርፍ እንድቀዳ ነበር የተነገረኝ» አልኩ። «የሰፈሬን ገመና በጠርሙስ ይዤ መሄድ አሳፈረኝ። ጎርፉ እስኪጠራ ጠብቄ ቀዳሁ።»

«ሦስቱንም ጊዜ?»

«ሦስቱንም። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የጠራውን ብቻ ነው።»

እትዬ ዝማም ጀሪካኑን አዩ፤ ጥግ ላይ የተደረደሩትን ሌሎቹንም አዩ። ከዚያ ልጅቷን ከጀርባቸው አውርደው ደረታቸው ላይ ጥብቅ አድርገው አቀፏት።

«ለራስሽ ልጆች ግን ውሃ ታፈያለሽ» አሉኝ።

ከግድግዳው ማዶ አንድ ቧንቧ ሲከፈት ተሰማ። ቀጥሎ ሌላ።