ሲጫኑት ይጮኻል

«ፈርሚና እንገላገል» አለ አከራዩ። ወረቀቱን ስፌት መኪናዋ ላይ ዘርግቶ እስክሪብቶውን አጋደመበት። «ኢንሹራንሱ የሚጠይቀኝ ይህን ብቻ ነው።»

እሷ ግን ዓይኗ መሰላሉ ላይ ከቆመው ኤሌክትሪሺያን አልተነቀለም። ሰውየው የተጠራው ለዚህ ክፍል አንድ አዲስ የጭስ አላርም እንዲሰቅል ነው። ግድግዳው ትናንት ተቀብቷል፤ ጣሪያው ገና እንደጠቆረ ነው። አሮጌው አላርም በጥቁሩ መሐል ጥላሸት ለብሶ ተለጥፏል።

ወረቀቱ የሚለውን ሳታነበውም ታውቀዋለች። የአላርሙን ባትሪ ተከራዮቹ ራሳቸው አውጥተውት ነበር ይላል። አከራዩ ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህንኑ በር ላይም፣ ሱቅም፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር አፉን ሞልቶ ሲያወራ ከርሟል። «እኔ ምን ላድርግ? ለሬዲዮ ብለው ነቅለውት!»

አንጀቷን ያሳረራት ደግሞ ማመኗ ነው። ታናሽ እህቷ ሚጡ እንደዚያ ነበረች፤ ከግድግዳ ሰዓቱ ነቅላ ሪሞቱ ውስጥ ትከታለች፣ ከሪሞቱ ነቅላ ሬዲዮው ውስጥ። የዚያን ቀን ከሆስፒታል የሌሊት ተራዋን ጨርሳ ገብታ ተኛች። ከፍራሹ ጀርባ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ጋለ፣ ስፖንጁ ውስጥ ውስጡን ተቃጠለ። ነበልባል እንኳ አልነበረም። ጭሱ በቃት። ከዚያ ወዲህ ታላቅየዋ በየቀኑ ከሟች ጋር ስትጣላ ነው የምትውለው። አንቺ ዝርክርክ፣ ለዘፈንሽ ብለሽ?

ኤሌክትሪሺያኑ አላርሙን ጠምዝዞ አወረደና ክዳኑን ከፈተው።

«ባትሪውማ አለ» አለ።

ግድግዳውን ያዘች። ያልደረቀው ቀለም መዳፏ ላይ ተጣበቀ።

አከራዩ ትንሽ እንኳ አልደነገጠም። «አለ? እንግዲያማ ጥሩ!» አለ ዓይኑን በጨው ታጥቦ። «ይሠራ ነበር ማለት ነው። ያንን እሰርዘውና ይሠራ ነበር ብዬ እጽፈዋለሁ፤ አንቺ ትፈርሚያለሽ።» እጁን ዘርግቶ ቁልፉን ተጫነው። አላርሙ ጆሮ በሚበሳ ድምፅ ጮኸ። «ሰማሽ? ደህና ነው። እንቅልፏ ከባድ ከነበረ እኔ ልቀስቅሳት?»

«በዚህ ጩኸት ማን ይተኛል?» አለች ቀስ ብላ።

ይህን ጩኸት ታውቀዋለች። ወር በገባ ቁጥር በመጥረጊያው እንጨት ወግታ የምታስጮኸው እሷ ነበረች። ሚጡም ትራስ ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ «ደግሞ ጀመረሽ! ጎረቤቱን ሁሉ አደነቆርሽው እኮ!» ትላለች።

ኤሌክትሪሺያኑ የአላርሙን ጀርባ በአውራ ጣቱ ጠረገ። የተለጠፈውን ቁራጭ ወረቀት በጥፍሩ ላጠው።

«የተመረተበትን ዓመት ማነው የሸፈነው?» አለ። «ይሄ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። አሥር ከሞላው ይጣላል እንጂ አይሰቀልም።»

«ይጮኻል እኮ ሰውዬ!»

«ቁልፉ አፉን ነው የሚያስጮኸው ጋሼ። አፍንጫው ሞቷል።»

ከቦርሳው የጥጥ ገመድ አወጣ። ጫፉን ለኮሰና እፍ ብሎ አጠፋው። የሚጨሰውን መጀመሪያ አዲሱ አላርም ሥር ያዘው፤ ሦስት ሳይቆጠር ጮኸ። ቀጥሎ አሮጌው ሥር ያዘው። ጭሱ በቀዳዳዎቹ ገባ፣ በወዲያ በኩል ወጣ። ጠበቁ። አከራዩ አሳለው። ከዚያ ሌላ የተሰማ ነገር የለም።

ሚጡ የተኛችው ይህ ራስጌዋ ተሰቅሎ ነው። ጠባቂ ነው ብላ ታላቅየዋ በየወሩ የነካካችው፣ የተማመነችበት፣ ይህ።

«ከየት አመጣኸው?» አለችው።

አራት ዓመት «እርስዎ» ስትለው የኖረች ሴት ናት። አከራዩ ቀና አለ። «አመጣኸው? እኔን ነው?»

«አንተን ነው! ከየት አመጣኸው?»

«የሚፈርስ ሆቴል ነበር፣ ከዚያ በጅምላ ነው የገዛኋቸው። ንጹሕ ዕቃ ነው፣ አንድም ጭረት...»

«የገዛኋቸው?» አለች። «ሌሎቹ የት ናቸው?»

«ነገር አታብዢ። ያንቺን ቀይሬልሻለሁ። የሌሎቹ ምንም አልሆኑም።»

«እስኪሆኑ ነው የምትጠብቀው?» ወረቀቱን ጨምድዳ ደረቱ ላይ ወረወረችው። «እህቴ ባትሪ አልነቀለችም! አልፈርምም! ለቅሶ ቤት ያወራኸውን ዛሬ እዚያው ሄደህ ትመልሳለህ!»

ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ትይዩ ያለውን በር በቡጢ ደበደበችው። ጡረታ የወጡት ሾፌር ከዘራቸውን ተደግፈው ከፈቱ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።

«ምነው ልጄ፣ በሰላም ነው?»

«አባባ፣ ጣሪያው ላይ ያለው አላርም...»

«ኧረ እሱንማ አልተዘናጋሁም!» አሉ ሽማግሌው፣ የሚጠይቃቸው ሰው በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው። «ከሚጡ ወዲህ ማልጄ እሱን ሳልነካ ሻይም አልቀምስ። ነይ፣ ነይ ስሚልኝ።»

ከዘራቸውን ሽቅብ አንስተው ቁልፉን ተጫኑት። ጮኸ። ደህና አድርጋ እንድትሰማው ከዘራውን ሳያወርዱ፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ፈገግ አሉ። ከጩኸቱ በላይ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አየሽ? ይህን ተማምኜ ነው እኮ የምተኛው!»