ከቁም ሳጥኑ ጀርባ

ጡረታ የወጡት አዋላጅ ቤቱን የመረመሩት እንደ እርጉዝ ሆድ ነው። ግድግዳውን በሁለት ጣት መታ መታ ያደርጉና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ።

«እናቴ፣ ቤቱ ያለቀለት ነው። ዛሬ ገዝቶ ነገ ማከራየት ነው» አለ ደላላው፣ መሬት መሬት እያየ።

አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ አዋላጇ፤ ዓይኑን የሚያሸሽ ሰው አያምኑም። ሟች ባላቸው የተዉላቸውን ሱቅ የሸጡት ለዚህ ነው፤ በየወሩ ኪራይ እየበሉ፣ የማንንም ፊት ሳያዩ ሊያረጁ። ይቺ ገንዘብ ከተበላች ሌላ የለቻቸውም።

«ያንን ቁም ሳጥን ፈቀቅ አድርገው!»

ደላላው ገፋው። ከጀርባው ያለው ግድግዳ ደረቅ ነው።

«ዛሬ ነዋ! ክረምት ሲገባ እናያለን።»

ልጃቸው ሳቀ። «እማዬ፣ ተከራይ እንኳ ተገኝቷል። አንዲት አሮጊት ናቸው፤ ልጃቸው ነው ቤት የሚፈልግላቸው። ለረጅም ጊዜ።»

«ብቻቸውን ሊያስቀምጣቸው?»

«ብቻቸውን።»

«ወይ ጉድ! ምን ዓይነት አንጀት ነው?» አሉ። ቢሆንም አሮጊት ጥሩ ነው፤ አይጨፍርም።

ምራታቸው ሜትር ይዛ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የእጅ መደገፊያ ቦታ ትለካለች። «እማማ፣ እስቲ እዚህ ጋ ይቁሙልኝ። ለተከራይዋ ከፍ አይልም?»

ቆሙላት። ልክ ነበር።

ካርታው በልጃቸው ስም ወጣ፤ «አንቺ በዚህ ጉልበትሽ የት ትሮጫለሽ» ብሏቸው። የኪራይ ውሉን ግን ራሳቸው አስጻፉት። እንግዳ አያድርም። ሚስማር አይመታም። አምስት ዓመት ሳይሞላ ልውጣ ማለት የለም።

«አልከበደም እማዬ?»

«ይክበዳ! አሮጊት ማልቀስ ከጀመረች አትቻልም። ካሁኑ ነው!»

ልጅየው ሁሉንም ጻፈ። አዋላጇ መነጽራቸውን ረስተው ስለነበር ጣቱን ባሳረፈበት ቦታ ፈረሙ።

ተከራይዋ በምትገባበት ቀን፣ ልጃቸው እናቱን ከቁርስ በኋላ በር ላይ አድርሶ ሥራ አለብኝ ብሎ ተመለሰ። ደላላው ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጣቸው። አሁንም መሬት መሬት ያያል።

«ምነው ፊትህ ጠቆረ? ግድግዳው ረጠበ እንዴ?»

«ኧረ የለም እናቴ። ግድግዳውስ ደረቅ ነው።»

አላመኑትም። ገብተው ቁም ሳጥኑን በትከሻቸው ገፉና ጀርባውን ዳሰሱ። ደረቅ ነው። እንግዲህ ይሄ ሰው ምኑን ነው የሚደብቀኝ እያሉ፣ የጭነት መኪና ድምፅ ሲሰሙ ነጠላቸውን አስተካክለው ተከራያቸውን ሊቀበሉ ወጡ።

ተሸካሚዎቹ መጀመሪያ ያወረዱት፣ አዋላጇ ዛሬ ጠዋት የተነሱበትን አልጋ ነበር።