ሰውየውን ሰው አድርጊው

ልብስ ሰፊዋ የጻፈችው መንፈሳዊ ልብ ወለድ ለሦስተኛ ጊዜ ተመለሰባት። የጸሎት ቤቱ መጻሕፍት ክፍል አራሚ ወረቀቶቹን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ጥርሱን እያሳየ፣ «እህቴ፣ ኃጢአተኛሽ እንጨት ነው። እስከ ዓርብ ካላስተካከልሽው ቦታውን ለሌላ ጸሐፊ እንሰጣለን» አላት። እየሳቀ የሚቀብር ሰው አይጣል!

ወረቀቷን ታቅፋ ሱቋ ገባች። ጣቷን በመርፌ ወጋች። የሰው ሱሪ ቁምጣ ሊሆን እስኪቃረብ አሳጠረች።

ታላቅ እህቷ፣ ከሱቋ ጎን ያለችው ፀጉር ሠሪ፣ ደንበኛዋን የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ትታ ብቅ አለች።

«ደራሲት! ደግሞ መለሱብሽ?»

«እንጨት ነው አሉኝ።»

«እንጨት ከሆነማ አንድጂው!»

ቀልድ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ግን ማሽኑ ላይ ተደፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እህትየው ደንግጣ ማበጠሪያዋን ጣለች።

ታሪኩ ሰው ገጭቶ ስላመለጠ ሾፌርና ስለ ይቅርታ ነው። ለሰው ሁሉ «ፈጠራ ነው» ትበል እንጂ፣ የገዛ አባቷ ነገር ነው። ልጅ ሳለች፣ አባቷ ሲመሻሽ በብስክሌት ከሥራ ሲመለስ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ ካለው መታጠፊያ ላይ መኪና ገጭቶ ገደለው። ሾፌሩን ማንም አላየውም። ቀድማ የደረሰችው እናቷ ነበረች፤ እሷም ስለዚያ ምሽት ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ልጅቱ አድጋ ጸሎት ላይ «ይቅር እንደምንል» የሚለው ጋ ስትደርስ ምላሷ ይታሰራል። ይህን ታሪክ ካልጨረሰች፣ መልኩን የማታውቀውን ሰው እየረገመች እንደምትሞት ገብቷታል።

የቀራት ተስፋ አንድ ሰው ነበር። በአረጋውያን ማረፊያው የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድርሰት ያስተማሩ፣ አሁን ዓይናቸው የደከመ መምህር። የማረፊያውን አንሶላ ልትጠግን ሄዳ ነው የተዋወቁት። እሷ ታነባለች፣ እሳቸው ይሰማሉ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ያነበበችላቸው ቀን ትን ብሏቸው ውሃ እስኪመጣ ሊሞቱ ነበር። ሲሻላቸው፣ «ድገሚው» አሏት።

አሁንም ወደ እሳቸው ሮጠች። መምህሩ በረንዳው ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ።

«እኔ ምን ላድርጋቸው?» አለች ነርሷ። «የሰጠናቸውን ሹራብ ሁሉ ለጎረቤት አልጋ ያድላሉ። ማረፊያው ሙሉ በእሳቸው ሹራብ ሞቆታል!»

«ጽድቅ በነፃ ሲገኝ ምን አስከፋሽ?» አሉ መምህሩ። «ልጄ፣ ቁጭ በይ። ምን አሉሽ?»

«እንጨት ነው አሉኝ።»

«እውነታቸውን ነው። ገጭቶ ሳይጨርስ ተንበረከከ እኮ! ንስሐ ዚፕ ነው እንዴ፣ አንዴ ተጎትቶ የሚዘጋ? ጸሎቱስ! ቃሉ ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ። ጥፋተኛ ሲጸልይ አፉ ይተሳሰራል፤ “ጌታ ሆይ” ብሎ እዚያው ይቀራል። ስብከቱን ለሰባኪው ተይለት። አንቺ ሰውየውን ሰው አድርጊው።»

«እንዴት ላድርገው? እጠላዋለሁ!»

«ጥይው፣ ማን ከለከለሽ? ግን ከመሸሹ በፊት አንድ ደግ ነገር ያድርግ። ደግ መሆን እየቻለ መሸሹ ነው ኃጢአቱን የሚያከብደው።»

«ምን ዓይነት ደግ ነገር?»

መምህሩ ብርድ ልብሱን ጠበቅ አደረጉ። «ከመኪናው ይውረድ። ሹራቡን ያውልቅና ከወደቀው ሰው ራስ ሥር ያድርግለት። የሰው ኮቴ ሲሰማ ያን ጊዜ ይሽሽ።»

«ምን ዓይነት ሹራብ?»

«አመድማ፣ ክርኑ ላይ ቡናማ ቆዳ የተጣፈበት።»

«ቆዳው ደግሞ ለምን?»

«አንባቢ በእጁ እንዲዳስሰው ነዋ! አንቺ አይደለሽ እንዴ ልብስ ሰፊዋ?»

ሳቀች። ከብዙ ጊዜ በኋላ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ሱቋ ተመልሳ ያን ምዕራፍ እንደ አዲስ ጻፈችው፤ እንጨቱም ደም ገባው፣ ተነፈሰ! የሟች ሚስት ሾፌሩን ይቅር የምትልበትን የመጨረሻውን ምዕራፍ ግን መምህሩ አልሰማም አሉ። ይዛ በሄደች ቁጥር «ዛሬ አይሆንም፣ ገና አልበሰለም» ይላሉ።

«አልነገርኩሽም?» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «ሽማግሌው ተንኮለኛ ናቸው። ታሪኩ ካለቀ ማን ይጠይቃቸዋል? እሳቸው ጠያቂ እንዳያጡ አንቺ መጽሐፍሽን ልታጪ ነው!»

ሐሙስ ዕለት ልብስ ሰፊዋ ቆርጣ ሄደች። «ጋሼ፣ ነገ ዓርብ ነው። ዛሬ ይሰሙኛል።»

መምህሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ብርድ ልብሱን እስከ ጆሯቸው ሳቡ።

«ለእኔ አታንብቢው። ሚስትየዋ ይቅር ትበል አትበል እኔ በምን አውቃለሁ? ባል የሞተባት ሴት ፈልጊና ለእሷ አንብቢላት። እሷ እውነት ነው ካለች ጨርሰሻል።» ቀጥለውም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ጻፊ፣ ልጄ። እንዳታቆሚ» አሏት።

እህቷ የነገረቻት ትዝ እያላት፣ ተናዳ ወጣች። ሌላ ምን አማራጭ አላት? ባል የሞተባት ሴት እቤቷ አለች።

እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የታጠበ ልብስ ታጣጥፋለች።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ላንብብልሽ። ካስከፋሽ አቁሚ በይኝ።»

«አንብቢ።»

አነበበች። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ድምጿ ተሰበረ፣ ግን ቀጠለች። ሾፌሩ ከመኪናው ወረደ፤ ሹራቡን አወለቀ። የእናትየው እጆች ቀጥ አሉ።

«ይሄን ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። ለማሳመር ነው፤ መምህሩ ጨምሪው ብለውኝ ነው።»

እናትየው ተነሳች። ሣጥኗን ከአልጋው ሥር ጎትታ ከፈተችው፤ የባሏን ልብሶች አንድ በአንድ አወጣች፤ እጇን እስከ ታች ሰደደች።

የባሏ ያልሆነ አንድ አመድማ ሹራብ ይዛ ቀና አለች፤ ክርኑ ላይ ቡናማ ቆዳ ተጥፎበታል።