የቱቦው አፍ

«ውሸት ከነገርኩዎት ይሄ ድልድይ አሁኑኑ ከሥሬ ይደርመስ!» እላለሁ፣ በተረከዜ ኮንክሪቱን እየደበደብኩ። ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ኢንጂነር ቀስ ብሎ ወደ ዳር ይሸሻል። ድልድዩን የሠራው መሥሪያ ቤቱ ነውና ሳያውቀው አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከድልድዩ ሥር ያለው ቱቦ ከተደፈነ ከርሟል። የላይኛው ሰፈር ይጥላል፣ ዝናብ ጠርጎ ያመጣል፣ የእኛ ቱቦ ይውጣል፤ ፌስታሉን፣ ጠርሙሱን፣ ያረጀ ጫማውን ሁሉ። ዝናብ ሳይገባ መጥረግ የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ያለው አንድ መቆፈሪያ ማሽን ነው፤ እሱም ዛሬ መንገዱ ጫፍ ላይ ሞተሩን እንዳስነሳ ቆሟል። ኢንጂነሩ «ግባ» ካለው ይገባል። «ተመለስ» ካለው ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል፤ ከዚያ እስከ ከርሞ ዓይኑን አናየውም።

እዚህ ያቆመችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ቤቷ ድልድዩን ተደግፎ የተሠራ ነው፤ ጓዳው ወደ ላይኛው ውሃ፣ በሩ ወደ ታችኛው። ድልድዩ ላይ ለቆመ ሰው ጣሪያው ብቻ ነው የሚታየው። ባለፈው ሳምንት ፀጉር ቤቴ ድረስ መጥታ፣ ግማሽ ጭንቅላቱን የላጨሁት ደንበኛ እየሰማ፣ «ወንድምጋሼ፣ ይሄን አፍህን ለአንድ ቀን አውሰኝ» አለችኝ። «ኢንጂነሩ ሲመጣ ‹ተደፍኗል› በልልኝ። ሌላ ምንም እንዳትጨምር። ተደፍኗል፣ በቃ።»

እኔ በዚህ ከተማ ስድስት ከንቲባ የላጨሁ ሰው ነኝ። ሁለቱ ሥልጣናቸውን የለቀቁት በእኔ ምክር ነው። አንዲት ቃል ታቅተኛለች?

ታዲያ ኢንጂነሩ ቅድም በድልድዩ አጥር አጎንብሶ ቁልቁል አየ። ሌሊቱን ያ ሁሉ ዝናብ ወርዶ ውሃው ግን ጎድሏል፤ በታች በኩል ኩልል እያለ ይሄዳል። ወርዶ ሊያጣራ አሰበ መሰለኝ፣ ጫማውን አየና ተወው። «ያልፋል እኮ!» አለ። «ማን ከፈተው?»

ማን? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ «ማን?» የሚል ጥያቄ ሰምቼ ለሌላ ሰው አሳልፌ ሰጥቼ አላውቅም። ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም ይላሉ። ራስ ሲመለጥስ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው።

«እኔ!» አልኩት።

እርግጥ ሌሊቱን ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ለጥ ብዬ ነው ያደርኩት። ብነቃ ኖሮ ግን የማደርገው ይህንኑ ነበር።

«ገመዱን ወገቤ ላይ ጠመጠምኩ» እላለሁ አሁን። «ውሃው እዚህ ድረስ!» ደረቴን አሳያለሁ። ትንሽ አሰብ አድርጌ እጄን ወደ አገጬ ከፍ አደርገዋለሁ። «ፌስታሉ እንደ ሽንኩርት ነው፣ ቢልጡት ቢልጡት አያልቅም። ጠርሙሱማ ሦስት ትውልድ እየጠጣ የጣለው ነው። ቱቦው አፍ ላይ ስደርስ ምን ላግኝ? ፍራሽ! የሁለት ሰው ፍራሽ፣ እንደ ቡሽ ተወትፎ! በጥርሴ ነክሼ ጎተትኩት።»

«በጥርስህ?» ይላል የማሽኑ ሾፌር። ወሬ ሸቶት ከማሽኑ ወርዶ መጥቷል።

«እጄ ገመድ ይዟል፤ በምን ልያዘው?»

«ፂምህ እንኳ አልረጠበም እኮ፣ ጌታው!»

«ፀጉር አስተካካይ ነኝ፣ ወንድሜ። ማድረቂያ አለኝ።»

ኢንጂነሩ ይስቃል። ሰው ሲስቅልኝ ማቆም አልችልም፤ ማስረጃ እጨምርለታለሁ። ወደ ታችኛው ዳር እጠቁማለሁ፤ ጠዋት እዚህ ስቆም ዓይኔ የገባ ቆሻሻ አለ። ጭቃ የለበሰ ፍራሽ ሣሩ ላይ ተንጋሏል። አጠገቡ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር፣ የቁም ሳጥን በር፣ አንድ ድስት። «ያውልዎት! ሁሉንም ከቱቦው ሆድ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ኢንጂነሩ በስልኩ ያነሳል። አንዴ ፍራሹን፣ አንዴ እኔን። ደረቴን ነፍቼ እቆምለታለሁ።

«ይኸው!» ይላል ወደ ሾፌሩ ዞሮ። «ሕዝቡ ራሱ ሲነሳ እንዲህ ነው። ሁሉንም ነገር ማዘጋጃ ቤት ይሥራልኝ ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ምን ይሉታል? በል አዙረው። ወደ ላይኛው ሰፈር።»

እጅጌውን ያዝ አደርገዋለሁ። «ኢንጂነር፣ ማሽኑ... ለጥንቃቄ ያህል አንዴ ገባ ቢል...»

«እርስዎ እያሉ?» ትከሻዬን ቸብ ቸብ ያደርገኛል። «እርስዎ እያሉ ማሽን ምን ያደርጋል?»

ተደፍኗል ልል አፌን እከፍታለሁ። አንዲት ቃል ናት። የሚወጣው ግን «እሱስ ልክ ነዎት» ነው።

ሾፌሩ ይሄዳል፤ ማሽኑ እያጓራ ፊቱን ያዞራል። ይሄኔ እህቴ ከታች ወደ ድልድዩ ትወጣለች፤ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ።

«እታለም!» እላለሁ፣ ማንም ሳይቀድመኝ። «ነይ፣ አንቺ ንገሪያቸው። እሷ ምስክሬ ናት፣ ኢንጂነር፤ ውሸት የሚባል ነገር አታውቅም።»

እህቴ እኔን አታየኝም። የማሽኑን ጀርባ ታያለች፤ ጥጉን ዞሮ እስኪሰወር ድረስ። ከዚያ ወደ ኢንጂነሩ ትዞራለች፤ ድምፅዋ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃባት የምትጠነቀቅ ይመስላል።

«ቱቦው እንደተደፈነ ነው፣ ጌታዬ» ትለዋለች። «ውሃው ያለፈው በእኔ ቤት ነው። የጓዳዬን ግድግዳ ጥሶ ገባ፣ በበሩ ወጣ። ፍራሹን እዚያ ያሰጣሁት እኔ ነኝ፤ እስከ ማታ ቢደርቅልኝ ብዬ።»