የተዘጋው ተዳፋት

ከጉኑኖ በላይ ያለውን ተዳፋት ቦልቴ የዘጋው በ1956 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። በዚያ ክረምት ጎርፉ የጋራ ግጦሹን ሰንጥቆ፣ ከሥሩ ያለውን የሰው እንሰት ነቅሎ ወስዶ ነበር። ቦልቴ በዕድሜ ከሽማግሌዎቹ ሁሉ ይበልጣል። ዱላውን ተክሎ «ከብት አይግባ» አለ። «ሣሩ ሥር ሳይሰድ ካስገባችሁ፣ በሚመጣው ዝናብ ቤታችሁም ይሄዳል።»

ሕጉ የታወቀ ነው። መሬት የሚዘጋው በሽማግሌ ቃል ነው፤ የዘጋው ሰው በሕይወት እስካለ ድረስ ከራሱ በቀር ማንም አይከፍተውም።

ታኅሣሥ ላይ ቦልቴ በሳል ወደቀ። ካንዲት ላማቸው ወተት በቀር የሚወርድለት ምግብ ጠፋ። የምታስታምመው ልጁ አሳየሽ ናት፤ ባሏ ሞቶባት ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች ሴት። ሳሉ ይተላለፋል ብላ ሰው አታስገባም። ሰውም ፈርቶ ከደጅ ጠይቆ ይመለሳል።

በጋው በረታ። የከብቱ አጥንት ይቆጠር ጀመር። የቦልቴ ታናሽ ወንድም ዳልጮ አንድ በሬ ሞተበት፤ ሁለተኛው ቆሞ ይንገዳገዳል። ዳልጮ እየመጣ ደጁ ላይ ይቆማል።

«እስቲ ጠይቂው። ለጥቂት ቀን ብቻ ይክፈትልን።»

አሳየሽ ትገባለች። ቆይታ ትወጣለች።

«አልከፈተውም፣ አጎቴ።»

ሰፈሩን ያስገረመው ግን ሌላ ነው። የሁሉም ላም ሲነጥፍ፣ አሳየሽ ወደ ገበያ የምትወስደው ቅቤ ጨመረ። ጎረቤቷ ሽታዬ መንገድ ላይ አላስችል አላት።

«ላምሽ ምን ትበላለች? ሙሽራ መሰለችኮ!»

«የእንሰት ቅጠል።»

«የእኛም እንሰት ቅጠል አለው። ቅቤ ግን አልሆነልንም።»

አሳየሽ ሸክሟን አስተካክላ መንገዷን ቀጠለች።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ማውራት ጀመረ። ሣር የምትሰርቀው እሷ ናት፤ አባቷንም እንዳይናገር ያደረገችው ብቻዋን ልታጭድ ነው ተባለ። ዳልጮ ተዳፋቱን ዞሮ አየ። የታጨደ ቦታ አላገኘም፤ ቢሆንም አላመናትም። ወደ ቤቷ ሲሄድ ከጓሮ እንሰት ስትተክል አገኛት።

«አባት ታሞ ተክል ይተከላል?»

«መብላት አይቀርም፣ አጎቴ።»

«አንቺ ልጅ፣ የምትጠብቂው አባትሽን ነው ሣሩን?»

«ሁለቱንም።»

ዓይኗ ቀልቷል፤ ከስታለች። ዳልጮ ይህንንም የሌባ ፍርሃት አድርጎ ቆጠረው።

«በመጪው የገበያ ቀን ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ። በሩን ባትከፍቺ እሰብረዋለሁ» ብሎ ሄደ።

ዝናቡ ቀደመው። ከቀትር ጀምሮ እስኪመሽ ሳያቋርጥ ወረደ። ሲያባራ ዳልጮ ከተዳፋቱ ግርጌ ሄዶ ቆመ። ውሃው በሣሩ መሃል እየተንሸራሸረ ይወርዳል፤ አልደፈረሰም። አፈሩ ከቦታው አልተነሳም። ታች ያለው እንሰትም ቆሟል። ዳልጮ ደስ ሊለው ፈልጎ ነበር፤ ድካሙ በለጠበት።

አሳየሽ ከኋላው መጣች። ውሃውን ጥቂት አየችና እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አጎቴ፣ አሁን ሰው ጥራልኝ፤ አባቴን ከጓሮ ቀበርኩት እንጂ ገና አላለቀስኩለትም።»